በመሪ የሚዘጋ በር

የእኛ ቲቸር አንድ አመል አላቸው። የመጨረሻ ዓመት ገብተህ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ተብሎ ቡድን ሲከፈል፣ ሌላው አስተማሪ ሁሉ ርዕስ ይሰጥሃል። እሳቸው አይሰጡም። «ሂዱና ሰው ይዛችሁ ኑ» ነው የሚሉት። ችግር ያለበት ሰው፣ እውነተኛ፣ ስልክ ቢደወልለት የሚያነሳ። መጀመሪያ ሰውየውን ታያለህ፣ ትጠይቃለህ፣ ችግሩ ይሄ ነው ብለህ በራስህ አፍ ትናገራለህ፣ እርሳስ የምታነሳው ከዛ በኋላ ነው። እሳቸው ዲዛይን ቲንኪንግ ይሉታል። እኛ «የሰው ያለህ» ነበር የምንለው።

ሌላም አላቸው። የመሰባበሪያ ቀን። የሰራኸውን ናሙና ወርክሾፑ ግቢ ታወጣና ለሌላ ቡድን ታስረክባለህ። እነሱ ይሰብሩታል። ካቃታቸው ማርክ የሚቀነሰው ከነሱ ነው። ስለዚህ ማንም ለማንም አይራራም። የአንዱን ቡድን የውሃ ፓምፕ ከፎቅ ወርውረውት፣ የሰራችው ልጅ መሬት ቁጭ ብላ ስታለቅስ፣ ቲቸር አጠገቧ ተቀመጡና «እዚህ ያልተሰበረ ዕቃ፣ ሰው ቤት ገብቶ ነው የሚሰበረው» አሏት። በቃ። አይዞሽ እንኳን የለም።

የኛ ቡድን ሶስት ሰው ነው። እኔ፣ ብሎንና ሚሊ። ብሎን አጭርና ደንደን ያለ ልጅ ነው፣ አንዴ ከያዘ የማይለቅ። ሚሊን ሚሊ ያልናት ያለ ሚሊሜትር ስለማታወራ ነው፤ ፍቅረኛዋን ራሱ ለክታ ነው የተወችው እየተባለች ትታማለች።

ሰው ፍለጋ አልሄድንም። እኔ ሰው ነበረኝ። እህቴ።

እህቴ ታላቄ ናት፣ ጸጉር ሰሪ። ያሳደገችኝ እሷ ናት ብል ይሻላል። ጎሚስታ አግብታ ነበር። ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና ጎማ ሲያወርድና ሲሰቅል የሚውል ሰው ክንዱ ምን እንደሚያክል ገምቱት። ፈታችው። እሱ ግን ፍቺ የሚባል ነገር አልገባውም። ሁለቴ ታሰረ፣ ሁለቴ ወጣ፣ በወጣ ቁጥር ከእስር ቤት ቀጥታ እሷ በር ላይ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣ ቀን ሁለት የጎን አጥንቷን ሰብሮ፣ ጸጉር ማድረቂያውን ጭንቅላቷ ላይ ከስክሶት ሄደ። ሆስፒታል ስገባ «ማሙሽ፣ በላህ?» አለችኝ። 

እና ፕሮጀክታችን ምን ሆነ፣ የማይሰበር በር።

በሩን ሄደን አየነው። ብረቱ ጎድጉዷል፣ ማጠፊያው ተጣሟል። ሚሊ እያንዳንዱን ጉድጓድ ለካች። «ስንቴ ነው የተመታው? በምን? በእግር ነው በብረት?» እያለች እህቴን ጠየቀች። እህቴ ሁሉንም መለሰች። ጎማ መፈልቀቂያ ብረት ነው የሚይዘው፣ ክንድ የሚያህል። ሚሊ ጉልበቱን አሰላች፣ ብሎን በየደ፣ እኔ ቆረጥኩ። ወፍራም ላሜራ፣ ጀርባው ላይ ቱቦላሬ፣ ከውስጥ አንዴ ከወደቀ ዝሆን የማያነሳው መወርወሪያ። ስንጨርሰው ብሎን በእርግጫ መታው፣ ለሳምንት አነከሰ።

የመሰባበሪያው ቀን የደረሱብን የሲቪል ምህንድስናዎቹ ቡድን ናቸው። አለቃቸው ዶዘር ይባላል። ስሙ ይበቃል። በሩን ለሙከራ በተገነባ ግድግዳ ላይ ገጥመነዋል፣ ከጀርባው ክፍል አለ። ቲቸር ህጋቸው ነው፣ ዕቃው የተሰራለት ሰው መገኘት አለበት። እህቴ ውስጥ ገብታ መወርወሪያውን ጣለች።

ዶዘር በማርቴሎ ጀመረ። ግቢው ጮኸ። አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ፣ በእግር፣ በብረት፣ በትከሻ። ላሜራው ጎበጠ እንጂ አልተበገረም። የዶዘር መዳፍ ተልጦ ደም በእጀታው ላይ ይወርዳል፣ እሱ ይስቃል፣ እኛ እንስቃለን።

«ሲቪሎች፣ ሲሚንቶ ላምጣላችሁ?» ብሎን ነው።

«ዝም በል አንተ ኩርንችት።»

ዶዘር ማርቴሎውን ወረወረና ዞር ብሎ አየኝ። ከዛ መጣና ክንዴን ወደ ጀርባዬ ጠመዘዘው። ለጨዋታ ነው። በሩ ላይ አስደገፈኝና በወፍራም ድምጽ፣ «ክፈቺ። ካልከፈትሽ ወንድምሽን እዚሁ ነው የምደፋው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ጨዋታውን ተቀበልኩና፣ ድምጼን አቅጥኜ «እትዬ፣ ገደለኝ» አልኩ።

መወርወሪያው ቀጭ አለ።

በሩ ተከፈተ። እህቴ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ ጋርዳ፣ ጎንበስ ብላ ወጣች። «በቃ። ከፈትኩ። በቃ፣ እሱን ልቀቀው፣ ከፈትኩ አይደል።»

 ዶዘር እጄን እንደ ትኩስ ብረት ለቀቀው። «እትዬ፣ ቀልዴን እኮ ነው… እኔ…» አለ፣ ከዛ ወደ ግድግዳው ዞሮ አስመለሰው።

ቲቸር እህቴን ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ውሃ ሰጧት። ከዛ ቀስ ብለው፣ «እንዲህ ሆኖ የከፈትሽው ስንት ጊዜ ነው?» አሏት።

«ሁሌም ነዋ» አለች። «በሩን ሰብሮት አያውቅም። ይመታና ይመታና ሲያቅተው አከራዬን ይይዛል። እማማን በሻሻቸው ይዞ ከግድግዳ ያጋጫቸዋል። አንድ ቀን የማላውቀውን መንገደኛ ይዞ ጥርሱን አረገፈው። ታዲያ ምን ላርግ፣ እየሰማሁ ልቀመጥ?»

«እትዬ፣ ለምን አልነገርሺንም?» አልኳት።

«በሩ ስንቴ ተመታ ነው ያላችሁኝ። እሱን ነገርኳችሁ።»

ሚሊ አንገቷን ደፋች። ያንን ሁሉ ጉድጓድ ለክተን፣ በሩን ማን ከፈተው ብሎ የጠየቀ የለም። በሩን ነበር ያየነው፣ ሰው እንድናይ ተልከን።

ቲቸር ለዶዘር ሙሉ ማርክ ሰጡት። «ሰብሯል» አሉ። ዶዘር አልፈልግም ብሎ ተከራከረ፣ አልሰሙትም። ለኛ ዜሮ። «እንደገና። ደግሞ አሁን ችግሩ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።»

ማወቅና መስራት ግን ለየቅል ነው። ሚሊ አንዴ ከተዘጋ ለአንድ ሰዓት ከውስጥም የማይከፈት መቆለፊያ እንስራ አለች። ቲቸር ወረቀቱን አይተው፣ «ቤቱ ቢቃጠልስ? የሬሳ ሳጥን ነው እንዴ የምትሰሩላት?» አሉ። እህቴን ጠየቅናት፣ አሁን በደንብ።

«እኔ እጄን አላምነውም» አለች። «ጆሮዬ ከሰማ እጄ ይከፍታል። እኔ ሳላዘው ነው።»

ስለዚህ እንዲህ አረግነው። የፊት ለፊቱን በር ዘገምተኛ፣ የጀርባውን ፈጣን። ከአሮጌ መኪና የተነቀለ መሪ አገኘንና ጥርስ ካለው ረጅም ብረት ጋር አያያዝነው። መሪውን ስታዞረው ብረቱ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ለመክፈት ደግሞ እንደገና ዞሮ ዞሮ ዞሮ፣ እስኪታክትህ። እጇ መክፈት ቢጀምር እንኳን ሃሳቧ እስኪደርስበት ጊዜ አለው። ከኋላ ደግሞ በደረት ስትገፋው ፈንጠር ብሎ የሚከፈት ትንሽ በር፣ ወደ ጎረቤት መተላለፊያ የሚያወጣ። ከውጪ መያዣ የለውም።

እህቴ ስዕሉን አየች አየችና፣ «ውጪ የተያዘው ሰውስ?» አለች።

ብሎን «አንቺ በኋላ ወጥተሽ ሰው ትጠሪያለሻ» አላት።

ስዕሉን ጠቅልላ መለሰችልን። እኛም መልሱ ቀጭን እንደሆነ ገብቶናል፣ ግን ሌላ አልነበረንም።

የምንገጥምበት ቀን ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አከራይዋ ልጃቸው ጋ ሄደዋል። ሚሊ ቀለም ልትገዛ ወጥታለች። ሁለቱም በር ተገጥሟል፣ ብሎን ከእህቴ ጋር ውስጥ ሆኖ መሪውን ያስለምዳታል። እኔ ውጪ ተንበርክኬ በበሩ ፍሬም ዙሪያ ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ እደፍናለሁ።

«አማቼ። ግንበኛ ሆንክ?»

ሳልዞር አወቅኩት። ጎሚስታው ነው። ያ ብረት እጁ ላይ አለ፣ እንደ ከዘራ ተደግፎታል።

«ዝጉ!» አልኩ። መሪው ከውስጥ ሲሽከረከር ሰማሁ። ጥርሱ ግሪስ ስላልተቀባ ሲዞር ሲጢጥ ይላል። ብረቱ ግድግዳው ውስጥ ጠለቀ።

እሱ አልተቆጣም። በሩን አንዴ በብረቱ መታው፣ አንዴ ብቻ፣ ሐኪም ደረት እንደሚመታ ቀስ ብሎ። «ጎበዞች» አለ። ከዛ ወደኔ ዞረ።

መጀመሪያ የመታው የግንበኛ ማንኪያ የያዝኩበትን እጅ ነው። ጣቶቼ ከሲሚንቶው ጋር መሬት ላይ ተጣበቁ። ልጮህ አፌን ስከፍት ትዝ አለኝ፣ ከጮህኩ ትሰማለች። ከሰማች ትከፍታለች። እጅጌዬን ነክሼ ዋጥኩት።

«ኧረ? ወንድ ሆነሃል» አለ። በጫማው ጎኔን ረገጠኝ። አየር ከውስጤ ወጥቶ አልመለስ አለኝ። በጸጉሬ ይዞ ፊቴን እርጥብ ሲሚንቶ ውስጥ አሸው፣ አሸዋው ከንፈሬን ተለተለው፣ አይኔን አቃጠለው። ጉልበቱን ማጅራቴ ላይ ተከለና ጆሮዬ ስር መጣ። ጠረኑ የተቃጠለ ጎማ ነው።

«ጥራት። እትዬ በላት። አንዴ ካልክ እለቅሃለሁ።»

ዝም አልኩ። ክንዴን ያዘና ወደ ጀርባዬ ጠመዘዘው። ዶዘር ያቆመበት ቦታ ላይ አላቆመም፣ ቀጠለ። ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር እንደ እርጥብ እንጨት ተሰነጠቀ። ያኔ ጮህኩ። የእኔ ድምጽ መሆኑንም አላወቅኩም፣ የታረደ ነገር ነው የሚመስለው።

ከውስጥ መሪው ሲጢጥ አለ።

ጎሚስታው ቆመ። ጆሮውን ጣለ። ሲጢጥ። ሲጢጥ። ብረቱ ከግድግዳው እየወጣ ነው።

«ሰማህ?» አለኝ። «እሷ ሁሌም ትከፍታለች። ልቧ ጥሩ ነው።»

«እትዬ፣ አትክፈቺ» አልኩ፣ ግን ከደም ጋር ስለወጣ ማንም የሚሰማው አይደለም።

ለቀቀኝ። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ ልክ ሙሽራ ሊቀበል እንደመጣ ሰው። በሩ ፊት እግሩን አንፈርክኮ ቆመ፣ ብረቱን ከጀርባው ደብቆ። መሪው ይዞራል፣ ይዞራል። እሱ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። እኔ መሬት ላይ ሆኜ ይሄን በር የሰራን ቀን ይረገም እያልኩ ነው።

ከዛ በስተግራ፣ ከቤቱ ጥግ፣ እህቴ ብቅ አለች።

በባዶ እግሯ ናት። ከስራው የተረፈ ቁራጭ አንግል ብረት ይዛለች፣ በሁለት እጇ። አትሮጥም። እኔን አየችኝ፣ ከዛ እሱን አየችው። እሱ በሩን እያየ ነው፣ መሪው እየጮኸለት።

መጀመሪያ ከጉልበቱ ጀርባ ነው ያገኘችው። ተንበረከከ። ሲዞር ብረት የያዘውን ክንድ ክርኑ ላይ ደገመችው፣ ክንዱ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ብረቱ መሬት ላይ ተንከባለለ። «አንቺ—» ሲል አፉ ላይ። ከዛ በኋላ የተናገረው ነገር ቃል አልነበረውም። በሆዱ ተኛ፣ በአንድ እጁ መሬቱን እየቧጠጠ ሊጎተት ሞከረ። እሷ ተከትላ ያንንም እጅ መታችው። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ጸጉር ስትቆርጥ እንደማውቃት ነው፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ የምታርፍበትን ቦታ እያየች።

«እትዬ፣ በቃ» አልኩ። «ይሞትብሻል።»

አንግሉን እንዳነሳች ቀረች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ሰዎች ከየቤቱ ብቅ ብቅ አሉ፣ አንዷ ፖሊስ ጥሩ ትላለች። ጎሚስታው እያቃሰተ ጎኑ ላይ ተገለበጠና አይኑን ወደሷ አነሳ። በአንዱ አይኑ ብቻ፣ ሌላው ተደፍኗል። ያ አይን ፈርቷል። እኔ ያንን ሰው ሲፈራ አይቼው አላውቅም፣ እሷም አላየችም።

ለካ ከኋላ ስትወጣ ለብሎን «እንዲሰማው አርገህ ቀስ ብለህ ፍታ፣ እኔ ሳልልህ ግን እንዳትከፍት» ብላው ነው የሄደችው። እኛ ማምለጫ ብለን የሰራነውን ትንሽ በር እሷ ዞሮ መምጫ አረገችው። በስዕሉ ላይ እንዲህ የሚባል ቀስት የለም። «ውጪ የተያዘው ሰውስ?» ብላ ጠይቃን፣ እኛ ስላልመለስንላት ራሷ መለሰችው።

ምስኪኑ ብሎን ግን ውጪ የሆነውን አያውቅም። ግጭቱን ሰምቷል፣ ጩኸቱን ሰምቷል፣ ማን ማንን እንደመታ በምን ይወቅ። ከበሩ ጀርባ ተጣራ።

«እትዬ! ሊያልቅ ነው፣ ሁለት ዙር ነው የቀረው። ልክፈት ወይስ ልዝጋ?»

እህቴ በሩን አየችው። አንግሉን መሬት ላይ አስቀመጠችና መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች፣ በቀሚሷ ጫፍ አይኔ ውስጥ የገባውን ሲሚንቶ መጥረግ ጀመረች። 

«እትዬ? ምን ላርግ?»

«ዝጋው» አለችው።