ስትስዪ ምን አስፈርቶሽ ነበር?

የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህሩን ተማሪዎቹ «ጭረት» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት በወጣትነቱ የጻፈው ቀጭን መጽሐፍ ነው። የጥንት ሰዎች በሸክላና በጨርቅ ላይ ጭረትና ሦስት ማዕዘን የደረደሩት አበባና እንስሳ መሳል አቅቷቸው ሳይሆን ዓለም አስፈርታቸው ነው ይላል መጽሐፉ። ሁሉ ነገር በሚለዋወጥበት ምድር ቀጥ ያለ መስመር ያሳርፋል፤ ሰው ከዓለም ጋር ሲስማማ አበባ ይስላል፣ ሲፈራ ወደ ቅርጽ ይሸሻል።

ባልደረቦቹ መጽሐፉን ገልጠው እንኳ አላዩትም። ሠዓሊዎች ግን እየተቀባበሉ አነበቡት። ጭረት ይህን ያወቀው አንዲት ሠዓሊ ቀለም የነካ ቀሚሷን እንደለበሰች ቢሮው ዘው ያለች ዕለት ነው።

«ጉድ ሠሩን እኮ፣ መምህር! መጽሐፍዎን ካነበብን ወዲህ እኔም ጓደኞቼም የሰው ፊት መሳል እርም ብለናል። ዛፍ የሚስል ጠፋ!»

«እኔ የጻፍኩት እኮ ስለ ሞቱ ሰዎች ነው» አለ ደንግጦ። በሕይወት ያለ ሠዓሊ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

«እንግዲያው ለቋሚዎቹም ይድረሱልና! መጥተው ሥራዬን ይዩልኝ።»

ተከትሏት ወጣ። እናቱ መንገድ ላይ አገኟቸውና «እኔን ጥላችሁማ አትሄዱም» ብለው አብረው ሄዱ።

የሠዓሊዋ ክፍል ጠባብ ነው፤ ቀለም ቀለም ይሸታል። መስኮቱ ሥር ትልቅ ሸራ ቆሟል፦ ቀይ ክብ፣ ሁለት ጥቁር መስመሮች፣ ጥግ ላይ የሚገፋፉ ቢጫ ጭረቶች። ጭረት ፍርሃት ፈልጎ አጣ። እንዲያውም ሳቅ ሳቅ አለው።

«ስትስዪ ምን አስፈርቶሽ ነበር?»

«እኔን? እየዘፈንኩ ነው የሳልኩት!»

«መጽሐፉ ግን...»

«መጽሐፍዎማ አበባ ካልሳላችሁ የሚሉንን አፍ አስያዘልን። ደስታውን ያመጣነው እኛ ነን።»

እናቱ ወደ ሸራው ጠጋ አሉ። «እነዚህ ቢጫዎቹ አንተና እህትህን አይመስሉም? በአንድ ብርድ ልብስ ስትጓተቱ!»

ሠዓሊዋ በሳቅ ፈነዳች። ጭረትም እምባው እስኪመጣ ሳቀ።

በማግስቱ ለመጽሐፉ አዲስ ምዕራፍ ጀመረ፤ ሰው ወደ ቅርጽ ለመሸሽ ብቻ ሳይሆን ለመጫወትም እንደሚሄድ ጻፈ። ባልደረቦቹ «የገዛ ራሱን ሐሳብ አፈረሰ» ብለው አሙት። እሱ ግን የሠዓሊዎቹ ዐውደ ርእይ ሲከፈት በሰው ፊት ቆሞ፣ «ግማሹን ተሳስቼ ነበር፤ ኑና እዩት!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እናቱም መሐል ገብተው አጨበጨቡ፣ ከዚያም የልጃቸውን እጅ ይዘው ቢጫ ጭረቶቹ ወዳሉበት ሸራ ጎተቱት።