ከጠርዙ ላይ የቆመችው

ሰኪና ጠፍጣፋውን ቴሌቪዥን ገዝታ በባጃጅ ያስመጣችው ዜና ወይም ድራማ አምሯት አልነበረም። እናቷ ወይዘሮ መርዋ አልጋ ከያዙ ወዲህ የሚለምኗት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አብዱልመናንን አሳዪኝ» ይሏታል።

አብዱልመናን ታላቅ ወንድሟ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ተማሪ ሳለ፣ አጎታቸው ከጅዳ አንድ ኮምፒውተር አምጥቶለት ነበር፤ የራሱ ስክሪን የሌለው፣ ከቴሌቪዥን ጋር ካልተያያዘ የማይሠራ፣ ፕሮግራሙን ከቴፕ ካሴት የሚያነብ። ጎረቤቱ ሁሉ የጽሕፈት መኪና ይመስለው ነበር። ልጁ አብሮት የመጣውን መጽሐፍ እያገላበጠ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ሠራበት። ከነጭ ነጠብጣቦች የተሠራ ሰው ከቤቱ ይወጣል፤ ወደ ቀኝ ይሄድ ይሄድና ከመስታወቱ ጠርዝ ይሰወራል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቤቱ በር ላይ ይታያል።

ሥዕሉን በጨረሰ በጥቂት ሳምንት እሱም ከቤት ወጣ። በመተማ በኩል ሱዳን ገባ ያሉ ነበሩ፤ በረሃ ላይ ቀረ ያሉም ነበሩ። ሬሳውን ያየ፣ ድምፁን የሰማ ግን የለም። ወይዘሮ መርዋ ዒድ በመጣ ቁጥር ካሴቱን ያስከፍቱና ከቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ። ነጩ ሰው በሩ ላይ ብቅ ሲል፣ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ገባ» ይላሉ። አሮጌው ቴሌቪዥን ሲቃጠል ያም ቀረ።

የሰፈሩ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ኸሊል ከዙህር ሶላት በኋላ መጣ። የኮምፒውተሩን ገመድ በአንቴናው ቀዳዳ ሰካው። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ «ምልክት የለም» ከማለት አላለፈም። ቻናሉን አንድ በአንድ ፈለገ፤ የሚታየው ዝንጉርጉር በረዶ ብቻ ነው።

«አዲሶቹ እንዲህ ያለውን ደካማ ምስል ይንቁታል» አለ። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፈተ፤ ምስሉ ወደ አንቴናው ከማለፉ በፊት ካለበት ቦታ ቀጭን ሽቦ በይዶ ወደ ቴሌቪዥኑ ቢጫ መሰኪያ አመጣው።

ካሴቱ ይጮህ ጀመር። ያንን የቆርቆሮ ፉጨት የመሰለ ጩኸት ሰኪና ከሰማችው ዓመታት አልፈዋል። ወይዘሮ መርዋ ከአልጋቸው ቀና አሉ።

ቤቱ ታየ። ኸሊል የምስሉን መጠን በሪሞቱ ሲያስተካክል ሥዕሉ እስከ ሁለቱም ዳር ተዘረጋ።

«ኸሊል፣ ይቺ ማን ናት?» አለች ሰኪና።

«የቷ?»

«ከዳር የቆመችው።»

በቀኝ በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ ጃንጥላ የያዘች ትንሽ ሴት ቆማለች። ነጩ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሄደ፤ እሷ ዘንድ ሲደርስ ጃንጥላዋን ከፍ አደረገችለት። ከዚያ አብረው ወጡ፤ እሷ አንድ እግሯን እየጎተተች። ሜዳው ባዶ ቀረ። ወዲያው ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሰውዬው በሩ ላይ፣ ሴቲቱ ዳር ላይ።

«አሮጌው ቴሌቪዥን የምስሉን ጠርዝ ይበላ ነበር» አለ ኸሊል ቀስ ብሎ። «ያኔም እዚያው ነበረች ማለት ነው።»

ወይዘሮ መርዋ ዓይናቸው ደክሟል። «ገባ?» አሉ።

ሰውዬው አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም፤ መውጣቱን ብቻ ነው የሚደጋግመው። «ገባ፣ እማ» አለች ሰኪና።

ያን ቀን ለብቻዋ ከቴሌቪዥኑ ጋር መቀመጥ አልሆነላትም። ያ ሁሉ ዒድ ሲከበር፣ ያቺ ሴት ከመካከላቸው ቆማ ስትጠብቅ ኖራለች። እግሯን የምትጎትት አንዲት ልጅ ታውቃለች፤ የወንድሟ የክፍል ጓደኛ፣ የቁስቋሟ ፅዮን። እሷም በዚያው ሰሞን ነው የጠፋችው። ሬሳዋ ሳይገኝ ወታደሮች ገደሏት ተብሎ ተዝካር ወጣላት። እናቷ ወይዘሮ ታየች የከል ልብሱን የገዙት ከነሰኪና ሱቅ ነበር። ክርስቲያኗን ልጅና አብዱልመናንን አንድ ላይ ያሰበ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ቁስቋም ወጣች። ታየችን ከቅዳሴ ሲመለሱ አገኘቻቸው።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

«እማማ፣ ፅዮንን ያየኋት መሰለኝ።»

አሮጊቷ የት ብለው አልጠየቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሏት።

ኸሊል ተጠርቶ መጥቶ ካሴቱን ከፈተላቸው። ታየች ከመስታወቱ ፊት ተንበረከኩ። ሴቲቱ የመጀመሪያውን እርምጃ ስትራመድ፣ «እግሯ ነው» አሉ። «ወጌሻ ያቃተው እግሯ ነው።»

«ማን ናት?» አሉ ወይዘሮ መርዋ ከአልጋው።

«የኔ ልጅ ናት፣ እሜቴ። ከልጅዎ ጋር ናት።»

«ብቻውን መስሎኝ ነበር እኮ» አሉ ወይዘሮ መርዋ።

ታየች ወደ ኸሊል ዞሩ። «ከዚህ ወዲያስ የት ይሄዳሉ?»

«ከዚያ ወዲያ የለም፣ እማማ። የሥዕሉ መጨረሻ ነው።»

ታየች ተነሡና በቴሌቪዥኑ ጀርባ ዞረው ግድግዳውን ተመለከቱት። የሳቀ የለም። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ «እዚህ ጋ ነፋስ አለ» አሉ። ሰኪና ሄዳ እጇን ዘረጋች። መስኮት የሌለው ግድግዳ ነው፤ እጇ ግን በረዳት።

ሰኪናና ታየች በመተማ ነጋዴዎች በኩል ስለ ልጆቹ አስጠየቁ፤ ምንም አልተገኘም። ወይዘሮ መርዋ ረመዳን ሳይገባ አረፉ፤ ታየች ለቅሶው ላይ ከዘመድ ጋር ተቀመጡ። በኋላ ቁስቋም ሄደው፣ ለሙታን ሲጸለይ የልጃቸው ስም እንዳይጠራ ለቄሱ ነገሯቸው።

«ተገኘች እንዴ?» አሉ ቄሱ።

«አልተገኘችም። መንገድ ላይ ናት፤ ለመንገደኞች ሲጸልዩ ይጥሩልኝ።»