የወይዘሮ ኢሶዳ ሸኚ

ወይዘሮ ቶሜ ኢሶዳ የሰባ አንድ ዓመት ሴት ነበሩ። በሳን ሆዜ ከተማ ዳር፣ ካርኔሽን የሚባለውን አበባ በመስታወት ቤት ውስጥ እያሳደጉ ለአበባ ነጋዴዎች ያቀርቡ ነበር። እኔ በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ተማሪ ነበርሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኦክላንድ በአውቶቡስ እየሄድሁ አበባውን በመቍረጥና በማሰር አግዛቸው ነበር። ብርሃነ መስቀል የተባለውን ስሜን አሳጥረው «ሚስተር ብርሃን» ይሉኛል። የተናባቢ ስም ግማሹን ጥሎ ግማሹን መያዝ ስሕተት መሆኑን ሁለት ጊዜ አስረዳኋቸው። ሁለቱንም ጊዜ በጥሞና ሰምተው «እሺ፣ ሚስተር ብርሃን» አሉኝ።

ከመስታወቱ ቤት እስከ መኖሪያቸው አራት መቶ እርምጃ የሚያህል የጠጠር መንገድ አለ። በስተግራው የመስኖ ቦይ ይወርዳል፤ በስተቀኙ የፕሪም ዛፎች ተሰልፈዋል። ሥራ ስንጨርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ትቃረባለችና፣ እስከ ደጃቸው ልሸኛቸው በመጀመሪያው ቀን ተነሣሁ።

«ደግ ነህ» አሉኝ። «ነገር ግን እኔ ሸኚ አለኝ።»

«ማን ነው?»

«ተኩላ።»

ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልቀለዱም። በተወለዱበት የጃፓን ተራራ አገር፣ ሲመሽ ብቻውን የሚሄድን ሰው አንድ ተኩላ ከኋላው ይከተለዋል። ራሱን አያሳይም፤ የሚሰማው የእግሩ ኮቴ ብቻ ነው። እርሱ ከኋላ እስካለ ድረስ ወንበዴም ሌላ አውሬም አይቀርብም። ወይዘሮዋ በሃያ ዓመታቸው ባሕር ሲሻገሩ ተኩላውም አብሮ እንደ ተሻገረ ነገሩኝ፤ በምን እንደ ተሳፈረ ግን አያውቁም።

«አንድ ሕግ ብቻ አለው» አሉ። «የሚሸኘው ሰው ከወደቀ ይበላዋል።»

«እንግዲያው ጠባቂ ነው ወይስ ጠላት?»

«ጠባቂ ነው። ግን ተኩላ ነው።»

«የወደቀ ሰው ምን ያድርግ?»

«ወዲያው ‹ዶኮይሾ› ይበል። በእኛ ቋንቋ ሰው ደክሞት ሲቀመጥ የሚላት ቃል ናት። ተኩላው ይህን ሲሰማ፣ ሊያርፍ የተቀመጠ መስሎት ይታገሠዋል።»

«ይህማ ሐሰት ነው» አልሁ።

«ጨዋነት ነው» አሉ። «ደጅህ ስትደርስ ደግሞ ዞር ብለህ ታመሰግነዋለህ፤ አንድ ጫማህን ትሰጠዋለህ። እርሱም ይመለሳል።»

በቤታቸው መቃን ላይ ጥርሱን ያገጠጠ ተኩላ የታተመበት ያረጀ የጥበቃ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ የዚህ አገር መንግሥት በዚህ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩትን ጃፓኖች ሁሉ ከየቤታቸው አስነሥቶ በእስር ሰፈር ባጐረ ጊዜ፣ ወረቀቱ በጓዛቸው ውስጥ ሆኖ አብሯቸው ሄዶ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ አብሯቸው ተመልሷል። እኔ ሰባት ዓመት በሰዋስው ጉባኤ ቤት ተቀምጬ ያደግሁ፣ በድቁናም ያገለገልሁ ሰው ነኝና ለእንዲህ ያለ ወረቀት ቦታ አልነበረኝም። ለብዙ ነገር ቦታ አልነበረኝም። ሻይ ያለ ስኳር እጠጣለሁ፤ ያለኝ ጫማ አንድ ጥንድ ነው፤ እግሬም አንድ ጥንድ ነውና።

በጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ አብረን ስንሄድ፣ ወይዘሮ ኢሶዳ በዚያ መንገድ ላይ ወደቁ። ጠጠሩ ላይ ዘጭ ብለው «ዶኮይሾ» አሉ፤ ልብሳቸውን አራግፈውም ተነሡ። ልጃቸው ዶክተር ሄንሪ ፍሩትቬል በሚባለው የኦክላንድ ሰፈር የጥርስ ሐኪም ነው፤ ዘወትር ቅዳሜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ ይደውላል። እናቱ እንዴት እንደ ዋሉ ሲጠይቃቸው «ለማረፍ ተቀመጥሁ» አሉት። ነገሩ አልጥም ቢለው እኔን አስጠራኝ።

«እናቴ ወድቃለች?»

«አዎን፣ ወድቀዋል» አልሁት።

ሌላ ቃል አልጨመርሁም። እርሱ ግን በማግስቱ መጥቶ ቍርጡን ነገራቸው፦ ዳግመኛ ከወደቁ፣ መሬቱ በሳንታ ክላራ በኩል ፋብሪካ ለሚሠሩት ሰዎች ይሸጣል፤ እርሳቸውም ከክሊኒኩ በላይ ባለው ሦስተኛ ፎቅ ይኖራሉ።

አልተቈጡኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አበባ እያሰሩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «አንድ ጊዜ ከቤቴ አስነሥተውኛል» አሉ። «ያን ጊዜ ያስነሣኝ ወታደር ነበር፤ አሁን ልጄ ነው። ልጅ ይብሳል። ወታደሩን መጥላት ይቻል ነበር።»

ይህን ከፍስሐ ጋር ተጫወትሁ። ፍስሐ የምህንድስና ተማሪ ነው፤ በቴሜስካል አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖራለን። አማርኛውን ከእንግሊዝኛ ጋር እያማታ መናገሩን እንዲተው ስመክረው ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

«ሰውዬው ኮል ሲያደርግ ሥራ ላይ ነኝ ብትልስ?» አለኝ።

«ስልኩን ያነሣ ሰው ሥራ ላይ ነኝ ይላል? ወይስ ልዋሽ?»

«አትዋሽ። እኔ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ እውነት ስትናገር ደስ ይልሃል። ፊትህ ያበራል። እዚያች አሮጊት ላይም ሳያበራ አልቀረም።»

መብራቱን አጥፍቼ ጋደም አልሁ። ሌሊቱን ግን እንደ ልማዴ ቶሎ አልተኛሁም።

በታኅሣሥ፣ ጉም በወረደበት አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሥራችንን ጨርሰን መንገዱን ጀመርን። ወይዘሮዋ አንድ እቅፍ ቀይ ካርኔሽን ይዘዋል። ጥቂት እንደ ሄድን ከኋላችን በረገፈው የፕሪም ቅጠል ላይ ኮቴ ሰማሁ። ቆምን፤ ቆመ። ሄድን፤ ሄደ።

«የጐረቤት ውሻ ነው» አልሁ።

«ውሻ ቢሆን ቀድሞን ያልፍ ነበር» አሉ።

በዚህ መካከል እግራቸው መንገዱን በሚያቋርጠው የውኃ ጎማ ተጠለፈ፤ ተደናቀፉ። ያን ጊዜ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ፦ «እኔን።»

ይህን ቃል በአገራችን የማይናገር የለም። ሰው ሲደናቀፍ ያየ ሁሉ፣ የማያውቀው መንገደኛ እንኳ ቢሆን፣ «እኔን» ይላል። በሰዋስው ሥርዐት ተሳቢ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ን» ታስረዳለች። ግሡ ግን አይነገርም። ግሡ «ይድፋኝ» ነው፤ እርሱን ትተን እኔን ይድፋኝ ማለት ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስንት ሺህ ጊዜ ብዬው ይሆናል፤ ቃሌን ተቀብሎ ግሡን ያመጣልኝ አንድም አልነበረም። በዚያ ምሽት መጣ።

ክንዳቸውን ይዤ ከመንገዱ ዳር ወደ ነበረው የእንጨት ሣጥን አዞርኋቸው፤ እርሳቸው ሣጥኑ ላይ ቍጭ ሲሉ እኔን አዳለጠኝና ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ጭቃው እስከ ጕልበቴ ዋጠኝ። ኮቴው ፈጠነ። ቅጠሉ በቦዩ አፋፍ ላይ ተንኮሻኮሸ፤ ከራሴም በላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማኝ። ቀና ብዬ አላየሁም።

«በል፣ ዶኮይሾ በል» አሉ ወይዘሮ ኢሶዳ ከሣጥኑ ላይ ሆነው።

«ወድቄአለሁ እኮ።»

«ሚስተር ብርሃን፣ የክርክር ቦታ አይደለም።»

ያልሆነውን ሆነ ማለት አልቻልሁም። ይሁን እንጂ ከጧት ጀምሮ ቆሜ ስለ ዋልሁ እግሬ በእርግጥ ዝሎ ነበር። ስለዚህ በዚያው በጭቃው ውስጥ፣ በገዛ ፈቃዴ፣ በቦዩ ግድግዳ ላይ ጀርባዬን አስደግፌ ዐረፍሁ። ሦስት ጊዜ ተነፈስሁ። ማረፌ እውነት መሆኑን ካረጋገጥሁ በኋላ «ዶኮይሾ» አልሁ።

ትንፋሹ ራቀ።

ከቦዩ ስወጣ የቀኝ እግሬ ባዶውን ነበር፤ ጫማው ከጭቃው ጋር ቀርቷል። ወይዘሮዋ አበባቸውን እንዳቀፉ ያዩኛል።

«እኔ ስደናቀፍ ያልኸው ምንድን ነው?»

«እኔን አልሁ። እርስዎን ትቶ እኔን ይጣለኝ ማለት ነው።»

«እሱ እየሰማ?»

«አማርኛ አያውቅም።»

«ተኩላ ቋንቋ አይመርጥም» አሉ። «እንግዲህ ዛሬ የሚሸኘው አንተን ነው።»

ቤት እንደ ገባን ስልኩ ጮኸ። አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ወይዘሮ ኢሶዳ አንሥተው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ መነጋገሪያውን ለእኔ ሰጥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ዞሩ። ውኃውን ከፈቱት፤ እጃቸውን ግን አላስገቡም።

«እናቴ ወድቃለች?» አለ ዶክተር ሄንሪ።

«አልወደቁም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ተደናቅፈዋል። ከዚያም ሣጥን ላይ ተቀምጠው ዐረፉ። ‹ወደቀ› ለሚለው ግሥ ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

«አልገባኝም።»

«የወደቅሁት እኔ ነኝ፤ ቦዩ ውስጥ። አንድ ጫማዬ አሁንም እዚያው ነው።»

«በምን ተደናቀፈች?» አለኝ።

«በበጋ እርስዎ በዘረጉት የውኃ ጎማ።»

የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነበርሁ፤ ያልጠየቀኝን ታላቅ መምከር ልማዴ አይደለም። ነገር ግን ውኃው ያለ ሥራ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር።

«ዶክተር» አልሁት፣ «ጎማው ይነሣ እንጂ እናትዎ አይነሡ።»

«እናቴን ስጠኝ» አለ።

በራሳቸው ቋንቋ ብዙ ተነጋገሩ። እኔ የሰማኋት አንዲት ቃል ዶኮይሾ ብቻ ናት፤ እርሷም አራት ጊዜ ተነግራለች። በመጨረሻ ወይዘሮዋ ሣቁ።

«ነገ አካፋ ይዞ ይመጣል» አሉኝ ስልኩን ዘግተው። «ቦዩን ሊደፍን። እኔም እዚሁ ነኝ።» ከዚያም የሟች ባላቸውን የጎማ ቦቲ አንዱን፣ የቀኙን፣ ከጓዳ አመጡልኝ።

ወደ ኦክላንድ የሚሄደው አውቶቡስ በጎኑ ላይ የሚሮጥ ውሻ የተሳለበት ነው። ተኩላ ይህን ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለማሰብ ፈቅጄ ሳይሆን አስቤ ተገኘሁ። ተሳፋሪው ሞልቶ ሰው ቆሞ ይሄድ ነበር፤ ከአጠገቤ ያለው መቀመጫ ግን እስከ መጨረሻው ባዶ ሆኖ ደረሰ። የጭቃው ሽታ ሊሆን ይችላል።

ደጃችን ስደርስ ቆምሁ። ለመንፈስ መስገድ አልችልም፤ የሸኘኝን ሳላመሰግን መግባትም አልችልም። ሁለተኛው ችግር የሰዋስው ነበር፤ አንተ ልበለው ወይስ እርስዎ? በዕድሜ ከወይዘሮ ኢሶዳ ይበልጣልና እርስዎ እንዲሆን ወሰንሁ።

«ደርሻለሁ» አልሁ ወደ ጉሙ ዞሬ። «እስከዚህ ስለ ሸኙኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጫማውን ቀድመው ወስደዋል። ከዚህ ይመለሱ።»

በሩ ተከፈተ፤ ፍስሐ ነበር። አንዱን ጫማዬንና አንዱን ቦቲ አየ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከሸኚዬ።»

«ከሳን ሆዜ ድረስ ነው የሸኙህ?»

«አዎን።»

«ታዲያ በር ላይ ‹ይመለሱ› ይባላል? አንተ ሰው፣ ግራመሩን እንጂ ነውሩን አላስተማሩህም?» እኔን ወደ ጐን ገፋ አድርጎ ወደ ጉሙ ተጣራ፦ «ኧረ ይግቡ፣ በሞቴ፣ በሞቴ ይግቡ።»

አፉን ልይዘው አልደረስሁም። በሩን ወለል አድርጎ ይዞ ቆየ። ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ፤ ከዚያ ዘጋው። «ዐይናፋር ናቸው መሰለኝ» አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳን ሆዜ ስደርስ ጎማው ተነሥቷል፤ ቦዩ በመንገዱ በኩል ተደፍኗል። ዶክተር ሄንሪ ከመድፈኑ በፊት ጭቃውን ዝቆ አውጥቶ ጫማዬን ፈልጎ ነበር፤ አላገኘም። ወይዘሮ ኢሶዳ በዚህ አልተደነቁም። ፊታቸው ግን ቅር ያለው ይመስላል።

«ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን ሄድሁ» አሉኝ። «ከኋላዬ ምንም የለም። ደጅህ ላይ ምን አልኸው?»

ነገርኋቸው፤ ፍስሐ ያለውንም አልደበቅሁም።

«ይግቡ አለው?»

«በሞቴ ብሎ።»

ወይዘሮ ኢሶዳ ቀስ ብለው ሣጥኑ ላይ ተቀመጡና እንባቸው እስኪመጣ ድረስ ሣቁ። «በእኛ መንደር» አሉ፣ «በስንት መቶ ዓመት አንድ ሰው እንኳ ግባ ብሎት አያውቅም። ታዲያ እንዴት ይውጣ? በል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ራስህ አምጣልኝ።»

በአገራችን ሥርዐት የተሸኘ ሰው ሸኚውን መልሶ ይሸኛል፤ ሁለት ጨዋዎች ከተገናኙ በአንድ መንገድ ሲመላለሱ ጀምበር ትጠልቅባቸዋለች። ስለዚህ ነገሩን ከሃይማኖት ሳይሆን ከጨዋነት ወገን ቈጠርሁት። ቅዳሜ ጧት ልብሴን ለብሼ በሩን ከፈትሁና፣ ወደ ባዶው ክፍል ዞሬ «እንሂድ» አልሁ።

ፍስሐ ከአልጋው ተነሥቶ ጫማውን ማሰር ጀምሮ ነበር።

«ቆይ፣ እስከ አውቶቡሱ ልሸኛችሁ» አለ።

ለአንድ ሰው «ልሸኝህ» ነው የሚባለው። አላረምሁትም።