ኢንዲ ዘፈን ነው ወይስ ልቅሶ?

ኦሪኤል ዘንድሮ ጆሮውን ጾም አስይዞታል። እናቱ ውብዳር ከፋሲካ በኋላ አረፈች፤ እናት የሞተችበት ደግሞ ዓመት እስኪሞላ ዘፈን አይሰማም። ሥርዓት ነው፣ ማን ይከራከራል? ችግሩ፣ ኦሪኤል ሌላ ሱስ የለውም። በየዴሴምበሩ የዓመቱን ምርጥ የፖፕና የኢንዲ ሮክ አልበሞች ደረጃ አውጥቶ ለጓደኞቹ ይልካል። ኢንዲ ሮክ፣ ለማያውቀው፣ ጢሙን ያልተላጨ ሰው ጊታር ታቅፎ የሚያጉረመርምበት ነው። ዘንድሮ ዝም ካለ ደረጃውን የሚያወጣው በያቭነ ከተማ የሚኖረው ጓደኛው ኢታማር ነው። ኢታማር ደግሞ የሠርግ ዘፋኝ አንደኛ ከማለት አይመለስም። ይህን ሲያስብ ኦሪኤል ይንገበገባል።

ስለዚህ አንድ ዓርብ፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ ባለው ቤቱ ውስጥ፣ ሰው የለም ብሎ ማዳመጫውን ደፋ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። በሩ ሲንኳኳ ደንግጦ ከፈተ፤ ማዳመጫው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ያላዝናል።

የመጣችው አክስቱ ማሪቱ ናት፣ የውብዳር ታላቅ እህት። የታወቀች አልቃሽ ናት፤ ከገደራ እስከ ያቭነ እሷ ያላስለቀሰችው ለቅሶ ቤት የለም።

"የእናትህ አፈር ሳይደርቅ ዘፈን?"

"ዘፈን አይደለም ዶዳ!" አላት፣ አክስቱን በዕብራይስጥ እየጠራ። "ኢንዲ ነው!"

"ኢንዲ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? አምጣ።"

ማዳመጫውን ከሻሿ በላይ ደፋችው። ጥቂት ሰምታ ከንፈሯን መጠጠች።

"ማን ሞቶባት ነው?"

"ማንም። ፍቅረኛዋ ጥሏት ነው።"

"ለወንድ ብላ ነው እንዲህ የምትነፋረቀው? ቤሰደር፣ ይሁን። ልቅሶ ነው፤ ልቅሶ አልተከለከለም። ያላ፣ ቀጥል፣ ሌላውን።"

ኦሪኤል ተፈቀደለት፤ አንጀቱ ግን አረረ። ነፍሱን የሰጠለት ሙዚቃ የተፈቀደው ሙዚቃ አይደለም ተብሎ ነው። ቢከራከር ይከለከላል፤ ሌላውን ከፈተላት።

የፖፕ ዘፋኟ ስትመጣ የማሪቱ ትከሻ ንቅንቅ አለ። "ዝጋ! ይቺ ዘፈን ናት!" ቀጥለው የዘፈኑትን አራት እንግሊዞች "እነዚህ ለቅሶ ቤት የመጡት ለመብላት ነው" ብላ አሰናበተቻቸው። ጢማሙን፣ ኦሪኤል አንደኛ ሊለው ያሰበውን፣ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ድምፅስ አለው። ግን ሟቹ ማን ነው? ስም የማይጠራ ምን አልቃሽ ነው? ለራሱ ነው የሚያለቅሰው።"

ይህንን አልቻለም። "አንቺ ትበልጪዋለሽ?" አላት ተቆጥቶ።

ማሪቱ ማዳመጫውን አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

"ውብዳርን ልጠይቅ ከገደራ ብመጣ፣
ልጇ ከፈተልኝ፣ እሷ መች ልትወጣ።"

በቀብሩ ቀን ኦሪኤል አላለቀሰም ነበር። ወንበር ሲያቀርብ፣ ውሃ ሲያድል፣ አክስቱ ያለችውን ልብ አላለም። አሁን ግን በሩን የከፈተው እሱ ነው። ሶፋው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማሪቱ ጀርባውን እየመታች "እሰይ፣ አሁን ሰው ሆንክ" አለችው።

ስልኩ ጮኸ። ኢታማር ነው፦ "ማን ነው አንደኛ? ካልላክህ የኔን ልልከው ነው።"

ኦሪኤል አፍንጫውን ጠርጎ ጻፈለት፦ "ላከው። የኔን አንደኛ ልልክልህ አልችልም፤ አልተቀዳም። እናቴን በስሟ ይጠራል።"