ጭሱ ካለቀ በኋላ

ሰው «የብርድ ሚኒስትር» ይለኛል። በፊቴ አይሉኝም እንጂ እሰማለሁ። ምን ላድርግ፣ ኅዳር በገባ ቁጥር ጓንት፣ የሱፍ ካልሲ፣ የትኩሳት መለኪያና አንድ ጥቅል ላስቲክ በቦርሳዬ አጭቄ ከስደተኛ ካምፕ አዲስ የመጣውን ወገኔን ሁሉ ቤት ለቤት አንኳኳለሁ። ሌዝብሪጅ የምትባለው ይቺ የበረዶ ከተማ ከገባሁ ስምንት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ብርድ ሊገድለኝ ምንም አልቀረው፤ በነጠላ ጫማ አውቶቡስ ስጠብቅ ሁለት የእግር ጣቶቼን አጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ «ሴትየዋ ጯሂ ናት» ቢሉኝ ግድ የለኝም። አዎ፣ እጮኻለሁ! ፀጉሩን አርጥቦ በረዶ ላይ የሚወጣ ጎረምሳ አይቼ ዝም አልልም።

እማማ ጃሶዳ ከልጃቸው ከቢርኻና ከነፍሰ ጡሯ ምራታቸው ከሱክማያ ጋር የመጡት በመስከረም ነበር። ሃያ ዓመት በቀርከሃ ጎጆ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እዚያ ነፋሱ በአንዱ ግድግዳ ገብቶ በሌላው ይወጣል። እኔ ደግሞ ገና ቤታቸው እንደገባሁ መስኮቱን በላስቲክ ወጥሬ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ጠቅጥቄ፣ «ነፋስ የሚባል ነገር እንዳይገባ! ቤታችሁን እንደ ጠርሙስ ክደኑት» አልኳቸው።

«ቱልሲ፣ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ሰው በምን ይተነፍሳል?» አሉኝ እማማ ጃሶዳ።

ሁላችንም ሳቅን። ግድግዳው ላይ ያለችው ነጭ ሳጥን ምን እንደሆነች ሲጠይቁኝም ሌላ ቤት ይጠብቀኝ ስለነበር «ጭስ ሲበዛ የምትጮኽ ናት» ብዬ ወጣሁ።

ልጅቷ የተወለደችው በጥር፣ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ በሚሆንበት ሰሞን ነው። በእኛ ዘንድ አራስ መሞቅ አለባት፤ ይሄ አያከራክርም። ገላዋ በሰናፍጭ ዘይት ይታሻል፣ የነጭ አዝሙድ ሾርባ ትጠጣለች፣ ካጠገቧ ፍም ይቀመጣል። አያት እጇን ፍሙ ላይ እያሞቀች የሕፃኑን ሆድና እግር ታሻለች። እኔም እንዲሁ ታሽቼ ነው ያደግሁት።

በዘጠነኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ በምሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። እማማ ጃሶዳ ናቸው።

«ቱልሲ፣ ያቺ ሳጥንሽ አብዳለች። ሕፃኗን እንቅልፍ ነሳቻት።»

«ምን እየጠበሳችሁ ነው እማማ?»

«ሽንኩርት ጥጄ ነበር። ግን እኮ ጭስ የለም ልጄ። ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው ያስገባሁት።»

በብርድ ጊዜ ከሚደወልልኝ አሥር ስልክ ዘጠኙ ቃሪያ ሲያቁላላ ሳጥን የጮኸችበት ሰው ነው። ማሽኑ ይንጫጫል፣ አለቃዬ ታፈጥብኛለች። «ሽንኩርቱ ነው እማማ። ያውርዷትና ባትሪዋን ያውጡት፤ ከሥራ ስወጣ መጥቼ አያታለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

አንሶላ ማጠፍ ቀጠልኩ። ስንተኛው አንሶላ ላይ እንደነበርኩ አላስታውስም፣ ብቻ እጄ በድንገት ቆመ። ጭሱ ካለቀ በኋላ ያስገቡት ምንድን ነው? ሽንኩርት ከየትም አይገባም፣ እዚያው ኩሽና ነው የሚጠበሰው። አራስ ቤት ነው። ከውጭ የሚገባ ፍም ነው! መልሼ ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ የለም።

ቤታቸው ከሆቴሉ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። አምቡላንስ እየጠራሁ ሮጥኩ። የብርድ ሚኒስትሯ ያለ ኮት፣ ያለ ጓንት፣ በሥራ ሽርጥ! አንድ ቦታ ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ በሩን በርግጄ ገባሁ።

ፍሙ አልጋው አጠገብ በብረት መጥበሻ ተቀምጧል። ለበጋ ጥብስ የሚሸጠውን ከሰል ገዝተው፣ በረንዳ ላይ አቀጣጥለው፣ ቀይ ሲሆን ያስገቡት ነው። ጭስ የሚባል የለውም፣ ሲያዩት ደስ ይላል። ሱክማያ ሕፃኗን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ተዘርራለች፤ ብጠራት አትሰማም። እማማ ጃሶዳ ግድግዳውን ተደግፈው፣ መዳፋቸውን ወደ ፍሙ እንደዘረጉ፣ «ራሴን ትንሽ አመመኝ» አሉኝ። የማን ፊት እያዩ እንደሆነ ያወቁ አልመሰለኝም።

በገዛ እጄ የወጠርኩትን ላስቲክ በጥፍሬ ቦጫጨቅሁት። መስኮቱን ከፍቼ ያንን ስምንት ዓመት ሙሉ ስጣላው የኖርኩትን ነፋስ ግባልኝ ብዬ ለመንኩት። ሕፃኗን በብርድ ልብሷ ጠቅልዬ ደጅ፣ ደረጃው ላይ ወጣሁ። ዝም ብላለች። «አልቅሺ እንጂ! አልቅሺ!» እያልኩ እኔ አለቀስኩ። አምቡላንሱ ጥግ ሲታጠፍ እሷም ቀጭን ድምፅ አወጣች።

ሦስቱም ተረፉ። ሐኪሙ «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ» ብሎ ጀመረና የቀረውን ተወው። ከሰል ጭሱ ካለቀም በኋላ የማይታይና የማይሸት መርዝ እንደሚያወጣ፣ ሳጥኗም የተሰቀለችው ለእሱ እንደሆነ አስረዳን። ቢርኻ ከፋብሪካ ተጠርቶ እንደመጣ፣ ኦክስጅን አፋቸው ላይ ወደተደረገላቸው እናቱ ዞረ።

«በገዛ እጅሽ ልትገድያት ነበር! ዳግመኛ ልጄን እንዳትነኪ፣ እማዬ! ሰምተሻል?»

ከዚያ ወደኔ መጥቶ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ እግሬን ነካ። «እትዬ ቱልሲ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

እማማ ጃሶዳ አዩኝ። እኔ ስጮኽ የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን ዝም አልኩ። ፈራሁ። ሰው ዳግመኛ በሩን አይከፍትልኝም ብዬ ፈራሁ።

ሕፃኗ ሆስፒታል ስለቆየች ስም የሚወጣበት ቀን በሁለት ሳምንት ተላለፈ። በእነሱ ቤተሰብ ደንብ ስሙን በሕፃኑ ጆሮ የምታንሾካሹከው አያት ናት። እማማ ጃሶዳ ግን ኩሽና በር ላይ፣ ሁለት እጃቸውን ሻላቸው ውስጥ ደብቀው ተቀምጠዋል። ሱክማያ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ ከሆስፒታል ከወጡ ጀምሮ ሕፃኗን አንድ ቀን አልነኳትም፣ ሌሊት ስታለቅስም እጃቸውን እንዲህ ይደብቃሉ አለችኝ።

ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ቢርኻ ልጁን አቅፎ እናቱን አልፎ እኔ ፊት ቆመ።

«እትዬ ቱልሲ፣ ነፍሷን የመለስሽው አንቺ ነሽ። ስሟንም አንቺ ንገሪያት።»

እጄ አልዘረጋ አለኝ። ያ ሁሉ ሰው በአድናቆት ያየኛል፣ እኔ በቁሜ ልቀልጥ ደርሻለሁ።

«ቢርኻ፣ ስማኝ» አልኩት። «ያን ቀን ሳጥኗ ጮኻ ነበር። እናትህም ደውለውልኛል። ያውርዷት፣ ባትሪዋንም ያውጡት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ፍም እንዳስገቡ እየነገሩኝ አልሰማኋቸውም።»

አንድ ሰው ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቢርኻ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እናቱን አየ።

«እማዬ፣ እውነቷን ነው?»

«ነው።»

«ታዲያ እንዲያ ስሰድብሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፍሙን ያስገባሁትስ እኔ አይደለሁ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ። «ደግሞ እሷን ሰው ቢተዋት በሚመጣው ብርድ ማን በር ያንኳኳል? እኔማ አሮጊት ነኝ፣ ተሰደብኩ አልተሰደብኩ ምን ይጎዳል?»

ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። በሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ማንም ይየኝ አልኩ። ቢርኻ ሄዶ እናቱ ፊት ተንበረከከና ሕፃኗን ዘረጋላቸው።

እማማ ጃሶዳ እጃቸውን ከሻሉ አወጡ፣ ግን ሕፃኗን አልተቀበሏትም። መዳፋቸውን አዩት። ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳው ሥር ወዳለው የቤቱ ማሞቂያ ዘረጉትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ቱልሲ፣ በዚህኛውስ ላሙቅ?»

«ያሙቁ፣ እማማ» አልኳቸው።

አሞቁ። ከዚያ ልጅቷን ተቀብለው ስሟን በጆሮዋ ነገሯት።