ያልጻፍነው ድንጋይ

ተስፋነህን አላምነውም ነበር። ቱርክ አገር ተምሮ የመጣ አስተርጓሚ ነው፤ ከመንገድ ሥራው ቱርካዊ ኢንጂነር ጋር ይበላል፣ ይጠጣል። ወንድሜ አንዱአምላክ እዚያው የገልባጭ መኪና ሹፌር ነው። ባለፈው ወንድሜና ኢንጂነሩ ሲጨቃጨቁ መሃል ቆሞ የተረጎመው ይኸው ተስፋነህ ነው። ጭቅጭቁ ወደ ግፊያ ዞረ፣ ኢንጂነሩ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ፣ ወንድሜ ታሰረ። እስቲ በሞቴ፣ ለማን ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ቱርኩ አማርኛ አይሰማ፣ ወንድሜ ቱርክኛ አይሰማ። የሁለቱንም የሚሰማ እሱ ብቻ!

ፖሊሶቹ “ታረቁና ሰውየው ክሱን ያንሳ፣ እንለቀዋለን” አሉን። ኢንጂነሩ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለረጅም ዕረፍት አገሩ ሊገባ ነው። የአንዱአምላክ ሚስት ሕይወት ወሯ ገብቷል። ሆዷን ደግፋ ጣቢያው በር ላይ ስትመላለስ ትውላለች። ልጁ ሲወለድ አባቱ እስር ቤት? ምን ሲደረግ!

ኢንጂነሩ የሚኖርበት የመንገድ ሥራው ካምፕ አስቀድሞ ሳይነገረው ሰው አያስገባም። መልእክት መላክ አለብን፤ ላኪው ደግሞ ያው ተስፋነህ ነው። ደብረ ታቦር አንድ ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ተገናኘን። በአማርኛ ነግሬው እንዳሻው ሊገለብጠው? ምን ቆርጦኝ! እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ራሴ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና “እንዳለ ወደ ቱርክኛ መልሰው” አልኩት። አጭር ነው፤ አያ ይሻውና ሌሎች ሽማግሌዎች ጠቡን “ሴትል” ሊያደርጉ ነገ ጠዋት ይመጣሉ ይላል።

አነበበና አንዱ ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ። “ቲቸር ስመኝ፣ ይሄ ሴትል የትኛው ነው?”

“የትኛው ማለት?”

“እንግሊዝኛው አንድ ቃል ነው። በቱርክኛ ግን ሰው አዲስ አገር ሲሰፍር ሌላ ነው፣ ሂሳብ ሲዘጋ ሌላ ነው፣ የተጣላ ሲታረቅም ሌላ ነው።”

“ሽማግሌ የሚሄደው ለምን እንደሆነ ጠፍቶህ ነው?” አልኩት ቆጣ ብዬ።

“ባርሽማክ” ብሎ ጻፈ። እኔ ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቼ የትርጉም መተግበሪያውን ጠየቅሁት። ስልኩ “የርለሽመክ” አለ። ደሜ ፈላ።

“ይኸው! ስልኩ ሌላ ነው የሚለው!”

“እሱ መስፈር ነው። አያ ይሻው ካምፑ ውስጥ ጎጆ ሊቀልሱ ነው እንዴ?” ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ይብሱን አናደደኝ። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚስቅ አልኩ በሆዴ። ቃሉን ደጋግሜ አስጠራሁት፤ ኋላ ሌላ ሰው ጠይቄ ላጣራው ነው። “ባሪሽ ሰላም ነው፣ ባርሽማክ መታረቅ ነው። በቃሽ?” አለና መልእክቱን ላከው። ቤቴ እስክገባ ቃሉ ከምላሴ አልወረደም።

በማግሥቱ በአንበሳሜ መንገድ ዳር ወዳለው ካምፕ ሄድን። አያ ይሻው ከፊት፣ አባቴና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ሁሉም እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው። የበዳይ ወገን ለእርቅ የሚሄደው እንዲህ ነው። ተበዳዩ ድንጋዩን በእጁ እስኪያወርድ ድረስ ቀና ማለት የለም፣ የተሸከመው ለተበዳዩ አንድ ቃል መናገርም የለበትም።

ኢንጂነሩ ከኮንቴይነር ቢሮው ብቅ አለ። ድንጋይ የያዙ ወንዶች ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ጮኸ፣ ወደ ውስጥ ሮጠ፣ በሩን ቀረቀረው። በመስኮት ስልኩን ጆሮው ላይ ሲያደርግ አየነው።

“ምን ብለህ ነው የጻፍክለት?” ብዬ ተስፋነህ ላይ አፈጠጥኩ። “አንተ ሰው! ሊገድሉኝ መጡ ብሎ ፖሊስ እየጠራ ነው! አውቄህ ነበር እኮ!”

እሱም ክው ብሏል። “ስለ ድንጋዩ ጽፈሽ ነበር?” አለኝ።

ድንጋይ? ድንጋይ ደግሞ ምኑ ይጻፋል? ለእርቅ ሲኬድ ድንጋይ እንደሚያዝ የማያውቅ ማን አለ? ይህን ልለው ስል ዓይኔ በመስኮቱ ከሚታየው ቱርክ ላይ አረፈ።

“አንተስ?” አልኩት።

“እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ትዝም አላለኝ።”

በሩ ላይ ሄዶ በቱርክኛ ለመነው። ማን ይከፍትለታል! ተመለሰና ሽማግሌዎቹን ራቅ እንዲሉ ለምኖ አባቴ ፊት ቆመ። “አባባ፣ እኔን ያሸክሙኝ።” የአባቴ ድንጋይ ከሁሉም ትልቁ ነበር። ተስፋነህ አንገቱ ላይ ጫነውና ኮንቴይነሩ ደጃፍ ላይ ተንበረከከ።

“ልጄ፣ አንተ ደግሞ ምን በድለህ?” አሉት አያ ይሻው።

“ያን ቀን መሃላቸው የነበርኩት እኔ ነኝ” አለና አፉን ዘጋ።

ቆየት ብሎ ስልኩ ከጆሮው ወረደ፣ በሩ ገርበብ አለ። ኢንጂነሩ ወዳጁን እንደዚያ ሆኖ ሲያየው ደነገጠ። ጠየቀው። ተስፋነህ አይመልስም። ደግሞ ጠየቀው። ወይ ፍንክች! ከዚያ ቱርኩ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ።

“ባሪሽ” አልኩ። ድምፄ ለእኔም አልተሰማኝ። “ባሪሽ! ባርሽማክ!” ድንጋዩን አሳየሁት፣ እጁን አሳየሁት፣ መሬቱን አሳየሁት።

ወጣ። አንድ እጁ በጄሶ ነው። በሌላኛው ሊያነሳው ሞከረ፣ አቃተው። ሄጄ ከሥር ደገፍኩለት። ኧረ ክብደቱ! ከሰውየው ጋር ተጋግዘን መሬት አስቀመጥነው። አያ ይሻው “ይቅር ለእግዚአብሔር” አሉ። ቱርኩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ረጅም ነገር ተናገረ።

ተስፋነህ እያቃሰተ ተነሳ። “ምን እንዳለ ልንገርሽ ወይስ ስልክሽን ታወጫለሽ?”

“ንገረኝ” አልኩት።

“ጣቢያ አብረን እንሂድና ይፈታ፣ ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል አይደል፣ ነው ያለው።”

እኔ ስለ ሕይወት እርግዝና አንድም ቃል አልጻፍኩም ነበር፤ ታዲያ ለቱርኩ ማን ነገረው? ተስፋነህን ቀና ብዬ አየሁት፤ ጫማውን ያያል። ነጠላዬን አወረድኩና የተላጠውን አንገቱን ጠረግሁለት።