ምስጢር የያዘ ስልክ ሲመለስ

የቢቸናው ሽማግሌ ጋሽ ይታያል ያስታረቋቸው ባልና ሚስቶች ቢሰለፉ ጫፋቸው ዓባይ በረሃ ይደርሳል። ማን ምን እንዳጠፋ ተዘርዝሮ የተፈረመበትን የእርቅ ወረቀት ሁሉ በስልካቸው ፎቶ አንስተው ይይዛሉ። አዲሱ ስልክ ግን በወሩ ድምፁ ጠፋና፣ በዋስትናው ሊያስቀይሩት ሞጣ፣ ወደገዙበት ወደ ዘሚራ ሱቅ ወሰዱት። ሲም ካርዱን ነቅለው ስለነበር ልባቸው ሙሉ ነው።

ዘሚራ ስልኩን ስትከፍተው አንዱ የእርቅ ወረቀት ድቅን አለባት። ፊቷን አዞረች።

«ጋሼ፣ ይኼ የማን ጉድ ነው?»

«ሲሙን አውጥቻለሁ እኮ!»

«ሲሙ ቁጥርዎን ነው የያዘው፤ ፎቶው ስልኩ ውስጥ ነው። ወደ አምራቹ እስኪመለስ ደግሞ ስንት እጅ ይነካዋል!»

የጋሽ ይታያል ላብ የጮቄን ተራራ የሚያጥለቀልቅ ሆነ።

«ይኼ ከወጣማ ግማሽ ቢቸና እንደገና ይፋታል!»

«እንግዲያው ራስዎ ያጥፉት፤ እኔ አላይም።»

ጀርባዋን ሰጥታ አሠራሩን እየነገረቻቸው ፎቶዎቹን ወደ ሚሞሪ ካርድ ገለበጡ፤ ካርዱንም ነቅለው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ከአካውንታቸው ወጥተው ስልኩን ሙልጭ አድርገው አጸዱት። ተመልሶ ሲበራ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ እንደ እንግዳ ተቀበላቸው።

«ካደኝ!» አሉ በደስታ። «ወር ሙሉ ጉያዬ ከርሞ አላውቅህም አለኝ! ባልና ሚስትም ጥፋትን እንዲህ ቢረሱ ኖሮ ከሽምግልናው ሥራ እፈታ ነበር።»